በደረቁ የታሰረ ቋጠሮ

ጋምቤላ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱዛን፣ አዲስ አበባ

ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚ። ረጅም ሰላምታ የሚያስጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ የሚለምነው ነገር አለ፤ እኔም ስላለኝ እዚህ ላይ ላቁመው።

ይህን የምትጽፍልኝ ባለሱቋ ሪድዋና ናት። ገበያው መሃል ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና መንጠቆ የምትሸጠው፣ ታውቂያታለሽ። እሷ በአኝዋክ ቋንቋ አትጽፍም፣ እኔ ደግሞ በምንም ቋንቋ አልጽፍም። ስለዚህ በአማርኛ ነው። ለምን አትደውልም ብለሽ ጠይቀሻል። ስልክ ያስጠላኛል። ሰው ጆሮው ላይ ሳጥን ለጥፎ "ሃሎ፣ ይሰማል? ሃሎ" እያለ መንገድ ላይ ሲጮህ እኔ አፍርለታለሁ። ክሩም የሚመጣው በአውቶቡስ ስለሆነ ወረቀቱ ከሹፌሩ ጋር ይመላለስ።

አሁን ወደ ክሩ። ደርሶኛል። ምስጋና የለኝም።

ክር ማለት ሲጠመጠም የሚተኛ፣ ሲወረወር የሚሄድ ነገር ነው። ይሄ የላክሽው ከጥቅሉ ሲፈታ እንደ ሽቦ እየዘለለ ይነሳል፤ ጉልበቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እግሬ ሥር አገኘዋለሁ። ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ሪድዋና ጥቅሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ፤ ስሙ ፍሎሮካርቦን ነው፣ ውሃ ውስጥ አሳ አያየውም ይላል አለችኝ። መልካም፣ አሳው አይየው። ባለቤቱም እንዳያየው አድርገው የሠሩት ግን ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። የት ነው የምታጠምደው ብለሻል። ከመንደራችን በታች ባሮ በሚታጠፍበት፣ እናንተ ልጆች ሆናችሁ ከቅርንጫፉ ላይ ውሃ ትዘሉበት የነበረውን ሾላ አስታውሺው። አምና ጎርፍ ነቅሎ ጣለው። አሁን ሥሩን ወደ ላይ ገልብጦ ውሃው ውስጥ ተጋድሟል። እንቦጭ መጥቶ ቅርንጫፉ ላይ እየተጠለፈ ጎጆ ቤት የሚያህል ክምር ሆኗል። ይሸታል። ከታች ይበሰብሳል፣ ከላይ ይለመልማል፤ ከከተማ የሚወርድ የፕላስቲክ ጠርሙስና የሞተ ዶሮ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። አፍንጫዬን ይዤ ነው የምቀርበው። ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ሥር አንድ ትልቅ ነጭ አሳ ይኖራል፣ እናንተ ናይል ፐርች የምትሉት። ድምፁን አውቀዋለሁ። ከላይ መጥቶ ሲውጥ ከባድ በር የተዘጋ ይመስላል።

ወንዙ ሙሉ አሳ እያለ ለምን እሱን ብቻ ትለኛለሽ። ዊሊያም ነው ምክንያቱ፣ የወንድሜ ልጅ። ለወባ ተብሎ የሚታደለውን የአልጋ አጎበር ሰፍቶ ሰፍቶ መረብ አድርጎታል። ጥፍር የማታክል የአሳ ግልገል ሳትቀር አፍሶ በባልዲ ይሸጣል። ስለሱ ስናገር ምራቄ ይመጣል። ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት "አጎቴ፣ ክንድህ አርጅቷል፣ ታንኳዋን ለኔ ተዋት" ያለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም "ባሮ ሳይሞላ ከሾላው ሥር ያለውን አሳ አውጥቼ እዚህ መሃላችሁ እጥለዋለሁ፤ ካቃተኝ ታንኳዋን ውሰድ" አልኩ። ሁሉም ሰምቷል። ታንኳዋን አባቴ ከአንድ ግንድ ነው የፈለፈላት። አሁን አጎበር ሊጫንባት ነው።

ስለዚህ የማይበጠስ ክር ላኪ።

ሪድዋና ደብዳቤ ሲያልቅ ይፈረማል ትላለች። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እንደ እስረኛ ላትም? አልፈርምም። አባትሽ መሆኔን ከአነጋገሬ ታውቂዋለሽ።

ኡቻላ

* * *

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

አነጋገርህ ደርሶኛል። ሹፌሩም በአፍ የነገርከውን አድርሷል፤ ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ አፍረህ ይሆናል። አዎ፣ ልብስ ስፌቱ ደህና ነው። አዎ፣ እበላለሁ። ሰውየውን በተመለከተ የለም፣ ሰውየው ከሄደ ቆይቷል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ክሩን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ እከራከርልሃለሁ። ሱቁ ውስጥ ብዙ ቆሜያለሁ። ተራው ናይለን ለስላሳ ነው፣ እንደምትወደው ይተኛል፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይለጠጣል። አሳው ነክሶ አንተ ዘንድ እስኪሰማ እሱ የሾላው ሥር ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሟል። የተጎነጎነው ክር ደግሞ ለእንቦጩ ጥሩ ነበር፣ አገዳውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። እንጨት ላይ ሲፋተግ ግን ፀጉር ያወጣል፤ እኔ እንደዚያ ያለ ክር በየቀኑ ስለምጥል አውቀዋለሁ። ፍሎሮካርቦኑ ጠጣር ነው። የሰደብክበት ጠጣርነቱ ነው ከሾላው ቅርፊት የሚያድነው። ውሃ አይጠጣም፣ አይንሳፈፍም፣ አሳው ሲነካው እጅህ ላይ ወዲያው ይሰማል።

ባለሱቁ ርካሹን ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር፣ ከላይ ብቻ ፍሎሮካርቦን የተቀባውን። ውስጡ ናይለን ነው። በጥርሴ ነክሼ "ይሄ ካፖርት የለበሰ ናይለን ነው" ብለው ሳቀና እውነተኛውን ከኋላ አወጣልኝ። መጀመሪያ የላክሁልህ ቀጥኖብህ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ የምልክልህ ወፍራሙ ነው፤ ሸራ የምሰፋበት መርፌ ቀዳዳ አይገባም። ከዚህ በላይ ከወፈረ ደግሞ አይወረወርም።

እንጨት በነካ ቁጥር ጫፉን በከንፈርህ መሃል ሳበው። ከሻከረህ እስከሻከረበት ቆርጠህ ጣል፣ አትሳሳለት፣ እንደገና ቋጥር። ከተበጠሰ ደግሞ የተረፈውን ጫፍ አትጣለው፣ ላክልኝ። የቀደሙትም ካሉ ጨምርልኝ።

ታንኳው ላይ ማን ይቀዝፍልሃል? ወንዙ ላይ ብቻህን ነው የምትወጣው?

ሪድዋናን ሰላም በልልኝ። በረመዳን፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ መዋል እንዴት ይዟታል?

ሱዛን

* * *

ጋምቤላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱዛን፣

ወፍራሙም ተበጠሰ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከዚያ የተከራከርሽበትን አፍ ያዢ። ውሃው ዝም ብሎ ነበር። መንጠቆውን በእንቦጩ ዳርና በግንዱ መሃል ባለችው ክፍተት አወረድኩት። ያ ከባድ በር ተዘጋ። ያዝኩ። ክብደቱን በትከሻዬ ቀመስኩት ሱዛን፣ የጥጃ ክብደት ነው። ገና ወደ ሥሩ ሳይዞር፣ ገና ክሩ ሲወጠር፣ ጧ አለና እጄ ባዶ ቀረ። ባዶ ክር መጠቅለል ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የሰው ቤት ተጋብዘሽ ሄደሽ በሩ ላይ እንደመመለስ ነው።

ዊሊያም ከዳር ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። በባልዲው ውስጥ ያ ግልገል ሁሉ ይንደፋደፋል። አሁን የክርስቲያኖቹም ጾም ስለሆነ ከደጋ የመጡት የቢሮ ሰዎች አሳ፣ አሳ እያሉ ይዞራሉ። ዊሊያም ግልገሉን ሳያጥብ በዱቄት አንከባሎ ይጠብስላቸዋል። ከነሆድ ዕቃው ይበሉታል። ዘይቱ የሰነበተ ነው፤ ሽታው ከባጃጆቹ መቆሚያ ጀምሮ ይቀበልሻል። በላዩ ሎሚ ይጨምቁና ጣቶቻቸውን ይልሳሉ።

ማን ይቀዝፍልሃል ብለሻል። እንቦጭ ይቀዝፍልኛል።

ጉንጬ ላይ ቁስል አለ ብሎ ሹፌሩ ነግሮሽ እንደሆነ፣ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፍ ሰው ይመታል። ወደ ሌላ ነገር አታዙሪው።

ጥፋቱ የክሩ ነው። እኔ በዚህ ወንዝ ማጥመድ የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ፣ እናትሽንም ሳላውቃት ነው። ሽቦ፣ የጅማት ክር፣ ከአሮጌ ጎማ የተፈታ ክር፣ ሁሉንም ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ከሃዲ አላየሁም። ውድ ነው፣ ከባሕር ማዶ ነው፣ ስሙ ረጅም ነው፣ አሳ ሲመጣ ግን ይለቃል። ሰው ቢሆን ፊቱ ላይ እተፋበት ነበር።

ሌላ ላኪ፤ ቀለም ያለው ይሁን። ቀይ ቢሆን ጥሩ ነው። እነዚያ አሳው እንዳያየው የሚሉት ወሬ ነው። ያ አሳ ሞኝ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ተደላድሎ አይኖርም ነበር፤ ቀይም ሆነ ነጭ የሚፈልገውን ይበላል።

ጫፎቹን ልኬልሻለሁ። የቀደሙትን ሁለቱን ሪድዋና ከሱቋ ወለል ላይ ለቅማ አስቀምጣ ኖሯል። በላስቲክ ጠቅልላ ከወረቀቱ ጋር ሰፍታቸዋለች። እሷ ደህና ናት። ከንፈሯ ደርቆ ስታነብ ድምፅዋ እንደ በቆሎ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ቀን ግን አላማረረችም። ይህን አትጻፊ አልኳት፤ እስክሪብቶዋ ስላልቆመ ጽፋዋለች ማለት ነው።

ቶሎ በይ። ከላይ ከኢሉባቦር በኩል ደመና አለ ይላሉ። ውሃው ቀድሞኝ ከሞላ ታንኳዋ ሄደች።

ኡቻላ

* * *

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

መጀመሪያ ለሪድዋና ነው። ሪድዋና፣ ይህን ስታነቢለት አንድም መስመር አትዝለይ። ቢቆጣም አትዝለይ።

ጫፎቹን መስኮት ላይ አድርጌ አየኋቸው። እንጨት የበላው ክር ጫፉ ይሻክራል፣ ይነጣል፣ በሞረድ የተፋቀ ይመስላል። የላክኻቸው ሦስቱም ግን ለስላሳ ናቸው። መጨረሻቸው እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሏል። እንጨት አልነካቸውም። የለቀቁት ቋጠሮው ላይ ነው። ቋጠሮ በደረቁ ሲጠብቅ ክሩ በራሱ ላይ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ክብደት ሲመጣበት ግን ይለቃል። ናይለን ይህን ይሸከም ይሆናል፣ ይሄኛው አይችልም።

ይህን ያስተማረኝ ባለሱቁ አይደለም። አንተ ነህ። ታንኳው ጫፍ ላይ አስቀምጠህ "ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት አፍ ውስጥ ይገባል፣ ምራቅ ያልነካው ቋጠሮ የሰነፍ ሥራ ነው" ብለህ፣ በደረቁ በሳብኩ ቁጥር እጄን በመቅዘፊያው ጫፍ የመታኸኝ አንተ ነህ። አንተ በደረቁ አትቋጥርም። ተኝተህም፣ ታመህም አትቋጥርም። ስለዚህ የቋጠረው ሌላ ሰው ነው። ቀን ቀን አፉ ውስጥ ምንም ነገር የማያስገባ ሰው።

ልብስ ስፌት ሱቃችን ክር ሊገዙ የሚመጡ ትልልቅ ሴቶች አሉ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታቸዋል። አንዷም "ዓይኔ" ብላ አታውቅም። ክሩን ነው የሚሰድቡት። የዛሬ ክር ቀጠነ ይላሉ፣ ቀለሙ አይያዝም ይላሉ፣ ከዚያ "እስቲ ቀዩን ስጪኝ" ይላሉ። ከቀዩ በኋላ መምጣት ያቆማሉ።

አንተም ቀይ ላኪ አልክ።

ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?

የዓይን ሞራ ከሆነ እዚህ ይገፈፋል። የጎረቤቴ አባት ተገፎለት አሁን ጋዜጣ ያነባል፣ በሰው ወሬም ይገባል። ለፋሲካ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እመጣለሁ። እስከዚያ ወንዙ ላይ ብቻህን አትውጣ። ታንኳዋ ትሂድ አባቴ። አንተ ከምትሄድ እንጨቷ ትሂድ።

ቀይ ክር አልላክሁም። ያለህ ክር ጥሩ ነው።

ሱዛን

* * *

ጋምቤላ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱዛን፣

ሪድዋና አልዘለለችም። ልትዘል አስባ ነበር፤ መሃል ላይ ደርሳ ወረቀቱን ስታገላብጥ ሰማኋት።

"አንብቢ" አልኳት።

"አባ ኡቻላ፣ ጾመኛ ነኝ እኮ።"

"ምን አገናኘው?"

"ክሩ አሳ አሳ ይሸታል። አፌ ውስጥ አልከትም ብዬ ነው። እርስዎም ምራቅ ይፈልጋል አላሉኝም።"

አላልኳትም፣ እውነቷን ነው። እሷ ስትቋጥር እኔ ወደ መንገዱ ዞሬ ስለ ዝናብ አወራ ነበር፣ ነገሩ የማይመለከተኝ ለመምሰል። የባለሱቅ ቋጠሮ ይዤ ያንን አሳ ልይዝ ሄድኩ። ያን ጊዜ ከእንቦጩ ይልቅ የሸተትኩት እኔ ነበርኩ።

ጻፊ አልኳት፣ እስክሪብቶዋ ቆመ። ጻፊ። አላይም። ካለፈው ክረምት ወዲህ አላይም። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ሰው ሲቆም ግንድ ይመስለኛል። የቀረው ወተት ነው። ታንኳዋን በውሃው ድምፅና በሽታ ነው የምመራት።

ለምን ደበቅኸኝ ለሚለው፣ የማያይ ሽማግሌ ምን እንደሚደረግ ስለማውቅ ነው። ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። ገንፎ ያቀርቡለታል፣ ማንኪያውን እጁ ላይ ያደርጉለታል። አላፊ አግዳሚው ደንቆሮም የሆነ ይመስል "እንደምን ዋልክ" እያለ ጆሮው ላይ ይጮህበታል።

ታንኳዋ ትሂድ ያልሽውን ደግሜ አስነበብኩት። አንቺን ለመስማት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ብቻህን አትውጣ ያልሽውን ግን ሰማሁ። በባጃጅ ወደ መንደር ተመለስኩና ዊሊያምን አስጠራሁት።

"አላይም" አልኩት።

"እናውቃለን" አለ።

"እናውቃለን ማለት እነማን ናችሁ?"

"ሁሉም ሰው። ከአምና ጀምሮ የራስህን የታንኳ መውረጃ አልፈህ ጎረቤትህ ኮት ዘንድ ትወርዳለህ። ሚስቱ ኛባንግ ልብስ የምታጥብበት መሃል ታንኳ ሰድደህባት ስንት ጊዜ ሳሙናዋን ይዛ ሮጣለች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ማን ይንገርህ? ለዚህ ነው ታንኳዋን የጠየቅኩህ። አንተ ካልሰደቡህ አትሰማም።"

ሱዛን፣ ሲሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድ ለወንድ ነው ብዬ ነበር። ለካስ እያዘነልኝ ነው። ለካስ መንደሩ ሁሉ ሳሙናውን እየሰበሰበ ያሳልፈኝ ኖሯል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጸይፌ አላውቅም፤ ማንን እንደተጸየፍኩ ግን እስካሁን አልለየሁም።

"ከኋላ ተቀመጥ፣ ቅዘፍ፣ አፍህን ዝጋ" አልኩት። "ያን አጎበር ዳር ላይ ተወው። በአባቴ ታንኳ ላይ የወባ ጨርቅ አይጫንም፣ ዛሬም ወደፊትም።"

"ወደፊትም?"

"ልትቀዝፍ ከፈለግህ ወደፊትም።"

ከዚያ አጎበሩ መሬት ላይ ዱብ ሲል ሰማሁ፤ እርጥብ ስለነበር ድምፁ አስጠላኝ።

ቋጠሮውን ራሴ ሠራሁት። ድሮም ቋጠሮ የማየው በምላሴ ነበር፣ ረስቼው ነው። አፌ ውስጥ አስገባሁት፣ በደንብ አራስኩት፣ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ያ ሽቦ ብዬ የሰደብኩት ነገር በምላሴ ላይ ተኛ። ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ጎን ሲደረደሩ አንድ በአንድ ተሰሙኝ።

ስለ አሳው ብዙ አላወራም፣ ዊሊያም ሲመሽ ሲነጋ እያወራ አሰልችቶታል። አፉን እንዲዘጋ ነግሬው ነበር፤ "ግራ፣ አጎቴ፣ ግራ፣ ወደ ሥሩ እየገባ ነው" ማለቱን አላቆመም። ክሩ የሾላውን ቅርፊት ሲፍቅ በጣቴ ሰማሁት። ቅርፊቱ እንደ ሞረድ ነው። ናይለን ቢሆን እዚያው አልቆ ነበር። እሱ ግን እንደመረጥሽው ያዘ። ይህችን ምስጋና አድርገሽ ውሰጃት፣ ሌላ አልጨምርም።

ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት መሃል ጣልነው። መንጋጋውን ስዳስስ ከያዝኩበት ሌላ ሦስት መንጠቆ አገኘሁ፤ አንዱም ላይ ክር የለም፣ ቋጠሮም የለም። ለሪድዋና ወሰድኩላት። ቆጥራ "የኔ ናቸው" አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ባትሪ ድንጋይ የሚገዛ ሰው መጣና ተወችው። ሥጋው ጭቃ ጭቃ ይላል፣ እንደ አሮጌ ጫማ ይታኘካል። የቢሮ ሰዎቹ ግን ለጾማቸው ተሻሙበት፣ እንዲህ ያለ ጣፋጭ አልበላንም አሉ። ምን ዓይነት ምላስ እንዳላቸው እንጃ።

ታንኳዋ የኔ ናት። ዊሊያም ይቀዝፋል፣ እኔ እይዛለሁ። ያወራል፣ እኔም እሰድበዋለሁ። ኛባንግም ልብሷን በሰላም ታጥባለች።

ለፋሲካ ነይ። ወዲያው ግን ይዘሽኝ አትሄጂም። ባሮ ሞልቶ ሲደፈርስ ሥራ አይኖረኝም፤ ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ያሻቸውን ይግፈፉ። ከተሳካላቸው መጀመሪያ የማየው ያን ክርሽን ነው። እውነት የማይታይ እንደሆነ ራሴ አጣራለሁ።

ሪድዋና ጾሟን ፈትታ ጉልበት አግኝታለች፣ ዛሬም ደብዳቤው ይፈረም ትላለች። ቀለሙን አልነካም። ከወረቀቱ ጋር አንድ መንጠቆ አለ፤ እንዳይወጋሽ ሹሉን በቡሽ ሸፍናዋለች። የታሰረበት ክር ያንቺ ነው። ቋጠሮው የኔ ነው፣ ማንም አልነካውም። መንጠቆውን ምስማር ላይ ስቀይና ባለሽ ጉልበት ሁሉ ሳቢው።

ከተበጠሰ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው ሌላ ሰው ነው።